ወልድያ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

እስቲ ወልድያ ላይ አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አግኙና ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ጠይቁት። «በ100!» ይላችኋል፣ ሳያቅማማ። ፈተና ላይም ይህንኑ ጽፎ ማርኩን ያገኛል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወልድያ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ መርሳ ላይ ብትጥዱት ደግሞ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። 100 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። (ባሕር ዳር አላልኩም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት።)

«ታዲያ 7 ዲግሪ ምን ያጣላል?» እንዳትሉኝ። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለው በዚሁ ልዩነት ነው። የሚብሰው ግን ልጁ ከድስቱ ይልቅ ሰሌዳውን ማመን መልመዱ ነው። ሳይንስ የሚያስተምረው የዚህን ግልባጭ አልነበረም እንዴ?

ትምህርቱ «አካባቢ ሳይንስ» ይባላል፤ አካባቢው ግን ክፍል ውስጥ እምብዛም አይገባም። ሀብሩን ውሰዱ። መርሳ ዙሪያ ማንጎው፣ ብርቱካኑ፣ ፓፓያው ሞልቶ ልጆቹ የአበባን ክፍሎች በጠመኔ ከተሳለ አበባ ይገለብጣሉ። እያበበ ፍሬ የማይሰጥ ፓፓያ «ወንዴ ነው» ተብሎ እንደሚቆረጥ የገበሬ ልጅ ያውቃል። ስለ ወንዴና ሴቴ አበባ ከዚህ የተሻለ ምን መግቢያ ይገኛል?

እርግጥ ነው፣ ጦርነቱ አለ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በህወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተነሳው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። ወንበር የሌለውን መምህር «ላብራቶሪ አምጣ» ማለት ግፍ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ድስትና ስለ ፓፓያ ነው።

መምህሩንም ብቻውን አልወቅስም። ፈተናው «100» የሚል መልስ እስከፈለገ ድረስ 93 ብሎ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ማርክ ያሳጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈተና አውጪው ጥያቄው ላይ «ባሕር ወለል ላይ» የምትለዋን ሐረግ ይጨምር። ቀጥሎ ወልድያ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩዎቹን ሳያስመርቅ ውሃ ያስፈላቸው። ቴርሞሜትር? ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ መዋስ አይቸግርም። (የጤና ጣቢያውን እንዳትሞክሩ፤ 42 ላይ ያልቅና ይሰነጠቃል።) ከዚያ የወልድያና የመርሳ ልጆች በአንድ ቀን አፍልተው ቁጥራቸውን በስልክ ይነጋገሩ። «የእናንተ ነው የተሳሳተው!» እየተባባሉ ይጨቃጨቁ፤ መምህሮቻቸውም ቶሎ አይገላግሏቸው።