ለጠላ ደረጃ ሲወጣ የጠማቂዎቹ ምላስ አይዘንጋ

በአገራችን የቢራ ኢንዱስትሪ ባለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ከፍተኛ ለውጥ ማሳየቱ ይታወቃል። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፈረንሣዩ የካስቴል ኩባንያ ከተዛወረ በኋላ፣ የሐረርና የበደሌ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ለሆላንዱ ሃይኒከን ተሽጠዋል። በአማራ ክልልም በጎንደር የተቋቋመው ዳሽን ቢራ በደብረ ብርሃን ሁለተኛ ፋብሪካ ከፍቷል። ስለ ዘርፉ በሚሰጡ መግለጫዎች ውስጥ ግን ከፋብሪካዎቹ ሁሉ የሚቀድመው፣ ዛሬም በየቀበሌው የሚጠመቀው ጠላ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ጠላ የሚነሣው አንድም ስለ ባህል ሲወራ፣ አንድም ስለ ንጽሕና ጉድለት ሲወቀስ ነው።

በሌላው ዓለም የታየው አካሄድ ከዚህ የተለየ ነው። ፊንላንዳውያን ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በየቤታቸው የሚጠምቁትና በጥድ ቅርንጫፍ ላይ የሚያጠሉት «ሳህቲ» የተሰኘ መጠጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ ኅብረት የባህላዊ ምርት ጥበቃ አግኝቷል። የቤልጂግ የቢራ ባህልም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ የምትታወቀው ብቅሉ በእንጨት ጭስ በሚደርቅ ቢራዋ ሲሆን፣ ያንን የጭስ ጣዕም ለመቅመስ ከሩቅ አገር የሚጓዙ አሉ። የጎጃም ደጋ እናቶች ጋናቸውን በወይራ ሲያጥኑ የኖሩት ከዚህ እምብዛም ለማይርቅ ጣዕም ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱን ማንም በመዝገብ አለማስፈሩ ነው።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚገኙ ወረዳዎች ጠላ የሚጠጣ ሰው ጣሳውን ከማንሣቱ በፊት የሚያየውና የሚያሸተው ነገር አለው። ቀለሙ የአሻሮውን አቆላል ይናገራል፤ እሳቱ የበረታበት ይጠቁራል፣ ለስለስ ብሎ የተቆላው ቀላ ይላል። ሽታው ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠን አለመታጠኑን ያስታውቃል። ምሬቱ ከጌሾው የመጣ ነው፤ ሲያንስ ጠላው ይለግማል፣ ሲበዛ ምላስ ላይ ይቀራል። ገና ያልጠለለው ጉሽ፣ በደንብ የጠለለው «ፊልተር»፣ እንዲሁም ድፍድፉ ዳግመኛ በውኃ ተበጥብጦ የሚወጣው ቅራሪ እያንዳንዳቸው ጠጪም ጊዜም አላቸው። ቅራሪ ለደቦ ሠራተኛ ጥም ማርኪያ ነው፤ ለሠርግና ለማኅበር ቢቀርብ ግን የባለቤቲቱን ስም ያጎድፋል። የእህሉ ዓይነትም ይለያል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስ ሲነግሥ፣ ወደ ሜጫና አቸፈር ሲወረድ ዳጉሳና በቆሎ ይተኩታል፤ ለምላሱ ያደረ ሰው ሁለቱን አያደናግርም።

የቢራ ጠቢባን በውጭው ዓለም ብዙ ገጽ ጽፈው ያስተማሩት የመቅመስ ሥርዓት በጎጃም በቃል እየተላለፈ የኖረ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጉዳዩ ለመንግሥት ሠራተኛው የሚመለከተውም በዚህ ነጥብ ነው። ጠላን ወደ ሆቴልና ወደ ሱቅ ለማስገባት የጥራት ደረጃ እንደሚያስፈልገው አያጠያይቅም። ሆኖም ደረጃው ከፋብሪካ ቢራ መለኪያ ላይ እንዳለ ቢገለበጥ፣ ድፍርስነት፣ የጭስ ሽታና ለዘብ ያለ ኮምጣጣነት ሁሉ «ጉድለት» ተብለው ይመዘገባሉ። በፋብሪካ ቢራ እነዚህ በእርግጥም ጉድለቶች ናቸው። በጠላ ግን መጠናቸው እስካልተዛባ ድረስ ጠላን ጠላ የሚያሰኙት እነርሱ ናቸው። እንዲህ ባለው ሚዛን የሚያልፈው ምርት ቀለሙ ብቻ ጠላ የሚመስል ደካማ ቢራ ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ፋብሪካዎቹ በቂ ናቸው።

ይህ ማለት ጠላ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። በጥንስሱ ውስጥ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ፣ ሌሎች ደቂቅ ሕዋሳት ጎን ለጎን አሲድ ያመርታሉ። የተመረገው ጋን ከተከፈተና አየር ከገባው በኋላ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤነት መለወጥ ይጀምራል፤ በመሆኑም ጠላ ለጥቂት ቀናት እንጂ ለሳምንታት አይቆይም። የአልኮሉ መጠንም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው ውስጥ ቢሆንም፣ ከጋን ጋን ስለሚለያይ ጠጪው ምን ያህል እንደጠጣ በእርግጠኝነት አያውቅም። በእርጥበት የሻገተ ብቅልና ያልተጣራ ውኃ ደግሞ የጤና ጉዳይ በመሆናቸው የምላስ ዳኝነት ብቻውን አይበቃቸውም። ደረጃ አውጪው ጠንከር ማለት የሚገባው በውኃው፣ በእህሉና በዕቃው ንጽሕና ላይ ነው። ጣዕሙን ግን ለሚያውቁት ቢተው ይሻላል።

የግብዓቱ ነገርም ሊታለፍ አይገባም። የቢራ ፋብሪካዎቻችን መራራ ጣዕም የሚሰጠውን ሆፕስ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። ጌሾ ግን በየጓሮው ይበቅላል። ገብስም ቢሆን የኢትዮጵያ ደጋ የዓለም ሀብት ነው፤ የገብስ አቀጭጭ ቫይረስን የሚቋቋመውና በሌሎች አገሮች የተሻሻሉ ዝርያዎች ውስጥ የገባው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ይሁንና በምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች አፈሩ በአሲድ በመጠቃቱ ገብሱ ለእንግዶና ለባሕር ዛፍ ቦታ ሲለቅ ይታያል። ኖራ በወቅቱ ያልደረሰው ገበሬ ከዚህ ሌላ ምርጫ ብዙ የለውም። በዚህ ላይ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት የቢራ ገብስ ዝርያ ሲስፋፋ፣ ለጠላና ለቆሎ የሚመረጡት የአገሬው ዝርያዎች ከማሳ እየወጡ እንዳይቀሩ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጠላ የሴቶች ሥራ ነው። በከተሞች በመጥመቅ የሚተዳደሩት በአብዛኛው የቤተሰብ ኃላፊነት የወደቀባቸው እናቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት በመኖሪያ ቤታቸው፣ ያለ ንግድ ፈቃድ ነው። አተላው እንኳ ለላምና ለበሬ ማድለቢያ ይሸጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በየጊዜው ሲስተጓጎል፣ ግብዓቱን ከአቅራቢያው የሚያገኝ ሥራ ምን ያህል ለቤተሰብ መጠጊያ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እነዚህን እናቶች ለአንድ ፋብሪካ በተዘጋጀ የፈቃድ መስፈርት መለካት ከሥራው ውጭ ማድረግ ነው። ኬንያ ቀደም ሲል በሕግ አግዳው የነበረውን «ቻንጋ» የተባለ አረቄ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ ስትፈቅድ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟታል፤ መጠጡን መፍቀድ ብቻውን ጠማቂውን ሕጋዊ አላደረገውም።

እርግጥ ነው፣ ማንኛውም ማበረታቻ ከቁጥጥር ጋር መሄድ አለበት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ጠላ ቤቱ መኖሪያ ቤትም በመሆኑ፣ ልጆች እንዲቀዱ ወይም እንዲያስተናግዱ ማድረግ የተለመደ ሆኖ መቀጠል የለበትም። የዘወትር ስካርን በባህል ስም ማለፍም እንዲሁ።

በተግባር ሊጀመር የሚችለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የዞኑ የንግድና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ከከተማዋና ከአጎራባች ወረዳዎች የተወሰኑ ጠማቂዎችን በፈቃዳቸው ቢመዘግቡ፣ የሚጠቀሙበትን ውኃና ብቅል ቢያስመረምሩ፣ ጣዕሙን በሚመዝነው ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ከላቦራቶሪ ባለሙያው ጎን በሙያቸው የተመሰከረላቸው ጠማቂ እናቶች እንዲቀመጡ ቢደረግ መነሻ የሚሆን ሰነድ ይገኛል። ናሙናው ጋኑ በተከፈተ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን ቢወሰድ፣ የየትኛዋ ጠማቂ ጠላ መቼ መኮምጠጥ እንደሚጀምር በቁጥር ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ጠላ ለእንግዶቹ ማቅረብ የሚፈልግ ሆቴል ከጠማቂዋ ጋር ሲዋዋል የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ ማስፈር ይችላል።