ርግብ አትሣሉብን

ከጦርነት በኋላ ስለ ሐዘን ሥዕል ይሠራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ነጭ ርግብ ነው፤ ቀጥሎ የተጨባበጡ እጆች። ባለሥልጣኑም ስፖንሰሩም ይወዱታል። በጎጃም፣ ቢቸና ያለች እናት ግን ልጇን እዚያ ላይ አታገኘውም።

ጎጃም ሐዘኑን እንዴት እንደሚያሳይ ከማንም መማር አያሻውም። ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ የተጫነ በቅሎው አደባባይ ይወጣል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በፍሬም የገባ ፎቶው። አልቃሿ እያንዳንዱን እያነሳች ትገጥማለች፣ ለቀስተኛው እየተቀበለ ደረቱን ይመታል። ኢንስታሌሽን የሚባለውን ነገር ከተሜ ሠዓሊ ሳያውቀው ገበሬው ሲሠራው ኖሯል። አሁን የጎደለው ለቅሶው ራሱ ነው። በመንግሥትና በፋኖ ውጊያ ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሰው መሰብሰብ አስፈሪ ሆነ፤ አዋጁ ቢያበቃም ፍርሃቱ አላበቃም። አስከሬን ያልመጣለት ቤተሰብስ ምን ብሎ ድንኳን ይጥላል? ያልተለቀሰ ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ጠበል ለጠበል ያዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ከ5 ሰው 1ዱ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። (ሥዕል የነርስ ምትክ ይሆናል የሚለኝ ካለ አንስማማም።)

በሌላዋ የጎጃም ከተማ፣ ሞጣ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጂዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጥለውባታል። ያንን ዘሎ ከ2015 የሚጀምር የሐዘን ሥዕል ለሙስሊሙ ጎረቤት ሌላ በደል ነው።

ጀርመናዊቷ ቀራጺ ኬተ ኮልቪትስ ልጇ በ1914 እ.ኤ.አ. ጦር ሜዳ ሞተባት። የተንበረከኩትን እናትና አባት ቀርጻ ቤልጂየም መቃብሩ ቦታ ያቆመችው በ1932 ነው፤ 18 ዓመት ቆይታ! ሰንደቅ የለበትም፣ ጠላት የለበትም፣ ልጁ እንኳ የለበትም። የእኛ አገር የሥዕል ፕሮጀክት ግን በ3 ወር ሪፖርት ይጠየቃል።

ስለዚህ ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚሄድ ሠዓሊ አስቀድሞ የጨረሰውን ሐሳብ ይዞ አይሂድ። ምን እንደሚሰቀል ቤተሰቡ ይምረጥ፦ የፋኖው እናትም፣ የሚሊሻው ሚስትም፣ የወታደሩ አባትም፣ ሱቁ የነደደበትም። ፎቶ ማውጣት የሚያስፈራ ከሆነ ጫማ ይበቃል፤ ጫማ የማን ወገን እንደነበረ አይናገርም። ከእነዚያ ሰዎች ዕቃ ጎን የእኔ አይሰቀልም የሚል ይኖራል፤ አይገደድ። ሥራው ሲያልቅም ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይልቅ ለእድሮቹ ይሰጥ፣ ሪባን የሚቆርጥ እንግዳም አይጠራ።