ዶሮ ብታልም ዱቄቷን

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ያለው የአገሬ ሰው የተናገረው ስለ ሀበሻዋ ዶሮ ነው። ስለ እሷ ከሆነ ልክ ነው። ያቺ ዶሮ ከእንቁላል ወጥታ ዓይኗን ከገለጠችበት ቀን ጀምሮ እናቷን ተከትላ ስትጭር፣ ከአውድማ ዳር ስትለቅም፣ ልጅ ሲያባርራት፣ ጭልፊት ሲያንዣብብባት ያደገች ናት። ጥሬ ብታልም አይፈረድባትም። እኔ ዛሬ የማነሳባችሁ ግን ሌላዋን ነው፤ ቡናማዋን፣ በፒክአፕ ጀርባ ተጠቅጥቃ በየሰፈሩ የምትዞረውን፣ «እንቁላል ጣይ ናት እትዬ፣ ነገ ጠዋት ትጥልልዎታለች» ተብላ የምትሸጠውን። እሷ ጥሬ አታልምም። ጥሬ አይታ አታውቅማ! የምታልም ከሆነ የምታልመው ዱቄት ነው።

ለመሆኑ ይህቺ ዶሮ ማናት? ከቢሾፍቱም ትምጣ ከሌላ ቦታ፣ ከእርባታ የወጣች ጡረተኛ ናት። በአራት ወር ተኩል፣ በአምስት ወሯ መጣል ትጀምራለች። ከዚያ ለአንድ ዓመት፣ ሲበዛ ለዓመት ከመንፈቅ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ትጥላለች። የሚለቀመው እንቁላል የመኖውን ዋጋ አልሸፍን ሲል ባለቤቱ ቤቱን ለአዲስ ቄቦች ያስለቅቃል። እሷም በፒክአፕ ትወጣለች። አበል የሌለው ጡረታ በሉት።

ከነዚህ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሽቦ ኬጅ ውስጥ የጨረሱ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ባዶውን የሽቦ ኬጅ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስኪከለክል ድረስ በዚያ ለአንዲት ዶሮ ይፈቀድ የነበረው ስፋት 550 ካሬ ሴንቲሜትር ነበር፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያንሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው። በተለይ የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኬጁ ከትልልቅ እርባታዎች አልፎ በከተማ ጓሮም ብቅ ብቅ ብሏል። በእርግጥ በጭድና በሰጋቱራ ወለል ላይ ያደጉም አሉ። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ልዩነት የለውም፤ ሁሉም ሲበሉ የኖሩት ነጋዴው «ሌየር» የሚለውን የተፈጨ መኖ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ከፋሲካ ማግስት አምስት ገዙ። «ከእስር ቤት አወጣኋቸው» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ደስ ያሰኝም ነበር። ላባቸው ተመልጦ አንገታቸው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ፀሐይ ሲያገኙ ክንፋቸውን ዘርግተው አቧራው ላይ ሲንከባለሉ ላየ ሰው አንጀት ይበላሉ። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናቸው። ጠዋት አንድ ጣሳ ስንዴ ይበትናሉ፤ ማታ የተረፈ እንጀራ ይፈተፍታሉ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አራት እንቁላል ለቀሙ። ሰፈሩ ተደነቀ። በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ሳሳ፤ በጣት ሲነኩት የሚሰረጉድ ሆነ። ቀጥሎ ጭራሽ ቅርፊት የሌለው፣ በስስ ገለፈት ብቻ የተጠቀለለ መጣ። ከዚያ አንደኛዋን እግሯ ከዳት። በጎኗ ተጋድማ ዓይኗን ታንከራትታለች።

ሰፈሩ ምርመራውን ወዲያው አጠናቀቀ። አንዱ «ፈንግል ነው» አለ (እኛ ዘንድ ዶሮ በምንም ትሙት በምን ፈንግል ነው)። አንዷ «ዓይን ነው፤ አራት አራት እንቁላል ብለው በየቡናው ያወሩት!» አለች። ሦስተኛው፣ ይሄኛው የተማረ ነው፣ «የፈረንጅ ዶሮ ድሮም ላስቲክ ናት፤ አንዴ ተጠቅመህ መጣል ነው» ብሎ ተፈላሰፈ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያቺን ዶሮ የጣላት ፈንግልም ዓይንም አይደለም። ስንዴው ነው።

ስንዴ ዶሮ ይገድላል ወይ? እስቲ አብረን እንቁጠር። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ዶሮዋ ደግሞ ከምትበላው ካልሲየም ቅርፊቱ ላይ የሚደርሰው ግማሽ ገደማው ብቻ ስለሆነ፣ በቀን 4 ግራም ያህል መዋጥ አለባት። በቀን የምትበላው ከ110 እስከ 120 ግራም ነው። ሌየር መኖ በወጉ ከተሠራ ከመቶ 3.5 እስከ 4 እጁ ካልሲየም ነው፤ ሒሳቡ ይገጥማል። ያንኑ 110 ግራም በስንዴ ስጧት። የምታገኘው የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሆዷ ጢም ብሏል፤ ቅርፊቱ ግን ከየት ይምጣ?

ከአጥንቷ ነዋ! የዶሮ አጥንት ተሰብስቦ የያዘው ካልሲየም 20 ግራም ገደማ ነው። ከዚህች ቁጠባ በየቀኑ 2 ግራም ቢወጣ ስንት ቀን እንደሚበቃ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከእርባታ ስትወጣ ደግሞ ቁጠባው ቀድሞውኑ ተመናምኗል። ሀበሻዋ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ሲቸግራት ታቆማለች፣ ብልህ ናት። ይቺኛዋ በዓመት 300 ገደማ እንድትጥል ትውልድ በትውልድ ስትመረጥ የኖረች ናት። እንዳታቆም ተደርጋ የተሠራች ፍጡር ናት ማለት ይቻላል። እያለቀችም ትጥላለች።

ፕሮቲኑም እንዲሁ ነው። በሌየር መኖ ውስጥ ከመቶ 16 ወይም 17 እጅ ፕሮቲን አለ፤ በቆሎ ከ8 እስከ 9 ቢኖረው ነው። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። የተመለጠች ዶሮ ላባዋን የምታበቅለው በበቆሎ ብቻ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ አምላክ ይርዳት።

አሁን ወደ መኖ መሸጫው እንሂድ። «ሌየር አለ?» ስል ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «አልቋል፤ ግሮወር ውሰድ፣ ያው ነው» አለኝ። ያው ነው! በዚህች አገር «ያው ነው» ያላበላሸው ነገር ምን አለ? ግሮወር የሚባለው ለቄቦች የተሰናዳ ነው፤ እንቁላል ላልጀመረች ዶሮ ስለሆነ ካልሲየሙ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ለጣይዋ ሩቡ እንደማለት ነው። «ስታርተር ይሻላታል፣ ጠንከር ያለ ነው» የሚሉም አጋጥመውኛል። ፕሮቲኑ ጠንከር ማለቱ እውነት ነው። ካልሲየሙ ግን የጫጩት ነው፤ ላባዋን እያለበሰ አጥንቷን ያራቁታል። አንዳንዱ ስታርተር ውስጥ የጫጩት መድኃኒት ይቀላቀላል፤ እንቁላሉን ማን እንደሚበላው አስቡት። በተገላቢጦሹ ሌየር ለጫጩት ቢሰጥ ደግሞ የካልሲየሙ ብዛት ኩላሊቷን ይጎዳል። እና ያው አይደለም ጃል!

መንግሥትስ ቢሆን ያው ነው አላለም። አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መኖን ከእንስሳት መድኃኒት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ቁጥጥር ይደረግበት ያለ ሕግ ነው። ሕጉ መኖን ከመድኃኒት እኩል ሲያከብር፣ እኔ በየሱቁ የማየው ግን አፉ በሲባጎ የታሰረ፣ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደተፈጨ አንድ ፊደል ያልተጻፈበት ማዳበሪያ ነው። ገዢው በእጁ ዘግኖ ያሸታል። በማሽተት ካልሲየም የሚለካ አፍንጫ ያለው ሰው ካለ እጅ ልንሳው።

የተረፈውን የሚያበሉትን በተመለከተ፣ ድርቆሽ እንጀራ፣ አተላ፣ ቂጣ ፍርፋሪ እንደ መክሰስ ቀመስ ቢያደርጓት አትሞትም። ምግቧ ሲሆን ነው ጣጣው። የወጥ ትርፍራፊ ሲሰጥ ሰው የሚሰጋው በርበሬውን ነው፤ የሚገርመው ዶሮ በርበሬ አያቃጥላትም፣ የሚጎዳት ጨውና ዘይቱ ነው። ከጁስ ቤት የሚለቀመው የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ለዶሮ መርዝ ነው። የሻገተ እንጀራ «ለሰው ባይሆንም ለዶሮ ይሆናል» የሚለውን ነገር ግን በጭራሽ አልታገሰውም። ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን ዶሮዋን ጉበቷን ይበላዋል፤ ወደ ሰውም መንገድ ያውቃል። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ የወተት ላሞች መኖ ላይ ተደርጎ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት መርዙን ወተቱም ውስጥ አግኝቶት ነበር፤ በዋናነት ጣቱን የቀሰረውም የኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። ፋጉሎውም ሆነ በቆሎው የሻገተ ከሆነ ዋጋው ስለረከሰ አትጓጉ።

እንግሊዞች እነዚህን ጡረተኞች ከእርባታ እየሰበሰበ ለቤተሰብ የሚያድል የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2005 (እ.ኤ.አ.) አቋቁመዋል። ለተመለጡት ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች ሳይቀር ተገኝተዋል። ስቃችሁ ጨርሱና እንቀጥል። በስማቸው የተሰናዳ ልዩ መኖም ገበያ ላይ ውሏል። ከወጥ ቤት የወጣ ትርፍራፊ ለዶሮ መስጠት ደግሞ እዚያ ከ2001 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። እኔ ሹራብም፣ ልዩ መኖም፣ ክልከላም አልጠየቅሁም። ስትበላ የኖረችውን አትንጠቋት ነው የምለው።

ምክንያቱም ይቺ ዶሮ ጥሬ ብትበትኑላት መጀመሪያ ምግብ መሆኑን ላታውቀው ትችላለች። የበላችው ከገንዳ ዱቄት ነው፤ የብዙዎቹ መንቁር ጫፉ በልጅነታቸው ተቆርጧል፣ ፍሬ መልቀም ይቸግራቸዋል። ኬጅ ውስጥ ውኃ የሚጠጡት ከቱቦ ጫፍ በጠብታ ስለሆነ ሳህን ሙሉ ውኃ ፊታቸው ተቀምጦ ሊጠማቸው ይችላል፤ መንቁራቸውን ቀስ አድርጎ ነከር ማድረግ ነው። ስለዚህ ሌየሩን እንደ ዱቄትነቱ በሰፋ ገንዳ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንዳይጎድል አድርጎ ማስቀመጥ። አንድ ለሁሉም ከሆነ ጉልበተኛዋ ትበላና ደካማዋ ታያለች፤ ሁለት ገንዳ ይሁን። የደከመችዋን ለማባበል በጥቂት ውኃ ማራስ ይቻላል፣ በሰዓታት ውስጥ ስለሚኮመጥጥ ግን የተረፈውን መድፋት ነው። መኖ ለመቀየር የግድ ከሆነ በሳምንት፣ በአሥር ቀን እያቀላቀሉ እንጂ በአንድ ሌሊት አይደለም። ጥሬ ከፈለጋችሁ ማታ ማታ አንድ እፍኝ፤ በዚያን ጊዜ ጠጠር የምትለቅምበት መሬት ይኑራት፣ ጥርስ የላትምና እህሉን የምትፈጨው ጨጓራዋ ውስጥ ባለ ጠጠር ነው። የእንቁላል ቅርፊትም አትጣሉ። ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ደቁሶ ለብቻው በሳህን ማቅረብ። የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ይሆናል፤ አደራ፣ ግድግዳ የሚቀባበት የተቃጠለው ኖራ አይደለም፣ እሱ አፏንም ጉሮሮዋንም ይልጠዋል። «ራሴ አዘጋጃለሁ» የሚል ደግሞ አኩሪ አተሩን ሳይቆላ እንዳይሰጥ፤ ጥሬው ፕሮቲኑን እንዳትፈጨው የሚያግድ ነገር አለበት።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ «ሰው የሚበላው አጥቶ አንተ ስለ ዶሮ ምሳ ትጽፋለህ?» ሊለኝ ነው። እኔም የምጽፈው ሰው የሚበላው ስላጣ ነው። ጎረቤቴ አምስቱን ዶሮ የገዙት ለጌጥ አልነበረም፤ ለልጅ ልጆቻቸው እንቁላል ብለው ከጡረታ አበላቸው ቆርሰው ነው። ስንዴውም በነፃ አልመጣም። ስንዴ ገዝቶ ለዶሮ መበተን፣ ዶሮዋን ማክሰር፣ እንቁላሉን ማጣት፣ ይሄ ቁጠባ ሳይሆን ብርን በሦስት መንገድ መጣል ነው። አምስት ዶሮ በወር የሚበሉት 17፣ 18 ኪሎ መኖ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በኪሎው ዋጋ አባዙና ኪሳችሁን ጠይቁ። ካልበቃ ሁለት ግዙ። ለሁለትም ካልበቃ አትግዙ፣ ወይም ገዝታችሁ ዕለቱኑ እረዷት፤ ወጧ አንጀት ያርሳል፣ ቢላዋው ከረሃብ ይሻላታል። ጨካኝ የሚለኝ ካለ፣ ሆዷ ሞልቶ አጥንቷ እየሟሟ ሦስት ሳምንት የምትቆየውን ይምጣና ይይልኝ።

የሻጮቹን ነገር ሳላነሳ ብቀር ግን ጎረቤቴን ብቻ መውቀስ ይሆንብኛል። ዶሮዋ ምን ስትበላ እንደኖረች የሚያውቀው እርባታው ነው። ከእያንዳንዷ ዶሮ ጋር ሁለት ኪሎ ሌየር በፌስታል ቋጥሮ፣ ዋጋውን ጨምሮ ቢሸጥ፣ «ይሄ ሲያልቅ ይህንኑ ግዙ» ብሎ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? ይህንኑ ለአንድ ባለ ፒክአፕ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ መኖ ግዙ ካልኳቸውማ ማን ዶሮ ይገዛኛል?» አለኝ።

«ታዲያ ምን እያልክ ነው የምትሸጥላቸው?»

«ጭራ ትበላለች እላቸዋለኋ!»

ከኋላው ከሽቦው መሀል አንዲት የተመለጠች አንገቷን አስግጋ የፒክአፑን ወለል ትነቁራለች። ወለሉ ላይ የተበተነ በቆሎ ነበር። እሷ ግን በፍሬዎቹ መሀል የቀረውን አቧራ ነው የምትለቅመው።