ለዘር የሚመረጠው ፈረስ የትኛው ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ብትገኝ፣ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሞልተው ሽምጥ ሲጋልቡ ትመለከታለህ። በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ነው። በዚያ ቀን ዐይንን አስቀድሞ የሚስበው መልክ ነው፤ አንዱ አምባላዩን፣ ሌላው ቦራውን ያደንቃል። ማድነቁ አይነቀፍም። ነገር ግን ለዘር የሚሆን ፈረስ በሚመረጥበት ጊዜ መልክን ማስቀደም ስሕተት ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ፣ መልክ አታላይ ነው። ውርንጭላ የሚወርሰውን ባሕርይ ግማሹን ከድንጉላው፣ ግማሹን ከባዝራዋ ያገኛል። በወላጆቹ ላይ ያልታየ ባሕርይም ተደብቆ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ከጥቁር ድንጉላና ከጥቁር ባዝራ ቀይ ውርንጭላ ሊወለድ ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ። በአሜሪካ ስለ ውበታቸው ከሚረቡት ቡራቡሬ ፈረሶች መካከል በአንደኛው ዓይነት ሁለቱም ወላጆች ያንኑ የቀለም ባሕርይ የያዙ እንደ ሆነ፣ በአማካይ ከአራት ውርንጭላዎች አንዱ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ አንጀቱም ስለማይሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። መልክ ብቻ ያየ አርቢ ሞትን ሳያውቅ መረጠ ማለት ነው።

ሁለተኛም፣ የአዊ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይጫናል፣ ጋሪ ይስባል፤ መኪና በማይደርስበትም ሕመምተኛ ያደርሳል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ እግር፣ ጠንካራ ሰኮና፣ የማይሰበር ጀርባና የረጋ ጠባይ ነው።

ምናልባት «እኔ ዘር አልመርጥም፤ ተፈጥሮ ይመርጣል» ትል ይሆናል። ሆኖም ድንጉላ በተኮላሸ፣ ባዝራም በተሸጠች ቁጥር ምርጫ ተደርጓል። ብርቱው ፈረስ ለሥራ እንዲመች ገና በወጣትነቱ ተኮላሽቶ፣ ደካማው ሳይኮላሽ ቢቀር፣ የሚተካው የደካማው ዘር ነው። ባዝራ እስከ አሥራ አንድ ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ስለምትወልድ፣ ጥፋቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

እንግዲህ መልክ ጨርሶ ይናቅ አልልም። በእግር፣ በጤናና በጠባይ እኩል የሆኑ ሁለት ፈረሶች ቢገኙ፣ ያን ጊዜ ያማረውን ምረጥ። የባዝራዋንም ጠባይ እንደ ድንጉላው አጥብቀህ መርምር፤ ድርሻዋ እኩል ነውና።

የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም አባ ዳኘው፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ ነበር። አንደኛው ዳኝነትን፣ ሁለተኛው ብልሃትን ያስታውሳል፤ ቀለምን የሚጠራ ግን የለባቸውም። አንተም ለዘር የምትመርጠው ፈረስ በግብሩ ስም የሚያወጣ ይሁን።