አጎት ማረሱ ሞግዚት አያደርገውም
አዘና ላይም ሆነ በሌላው የአማራ ገጠር አባት ሲሞት፣ እንባው ሳይደርቅ አጎት «የወንድሜ ልጆች የኔ ናቸው» ብሎ መሬቱን ማረስ ይጀምራል። ደግነቱን አልጠራጠርም፤ ሕጋዊ ሥልጣን ግን አይሰጠውም። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለሁለት አደራ ይሰጣል፤ አሳዳሪው ለአካሉ፣ ለጤናውና ለትምህርቱ፣ ሞግዚቱ ደግሞ ለንብረቱ። (ከተሜው ልጅ የምትይዘውን ሠራተኛ ሞግዚት ስለሚል ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል።) እናት በሕይወት ካለች ሁለቱም ሥልጣን የእሷ ነው፤ የባሏን ዘመዶች ይሁንታ አትጠብቅም። ባሏን የቀበረች ሴት ይህን ሳታውቅ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ለሌላ አሳልፋ መስጠቷ ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። ሁለቱም ወላጆች ካለፉ ኑዛዜ ይታያል፤ ኑዛዜ ከሌለ ተራው ወደ አያቶች፣ ወደ ታላላቅ ወንድምና እህት፣ ወደ አጎትና አክስት ይሄዳል፤ ካልሆነም ፍርድ ቤት ይሾማል። ሞግዚት ሥራው ሲያበቃ ሒሳቡን ለልጁ ያስረክባል። እባካችሁ፣ የወንድማችሁን ልጆች የምታሳድጉ ሁሉ፣ በሽማግሌ ቃል ብቻ አትቁሙ፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ሞግዚትነታችሁን በጽሑፍ አረጋግጡ።