የወተት ጥርስና የሐኪም ዕጣ

«የወተት ጥርስ እኮ ነው፤ መውደቁ አይቀርም።» ይህን ከወላጆችም፣ ከእኔ ቢጤ አያቶችም ደጋግሜ እሰማለሁ። መውደቁስ ይወድቃል፤ ግን መቼ? የፊት ጥርሶች በ6 እና በ7 ዓመት ይለቃሉ። ከኋላ ያሉት የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ መንጋጋው የተበላ ልጅ «ይወድቃል» ተብሎ ከተተወ ስድስት ሰባት ዓመት በዚያ ጥርስ ሊያኝክ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ጥርሴን አመመኝ» አይልም። በአንድ ጎን ያኝካል፣ ሌሊት ይነሳል፣ ሥጋና ቆሎ ይሸሻል። ቤተሰቡ አመል አወጣ ይላል።

ሌላም አለ። በ6 ዓመት ገደማ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ስላልወለቀ ወላጅ ይህንንም የወተት ጥርስ ያደርገዋል። አይደለም፤ ቋሚ ነው፤ ከጠፋ የሚተካው የለም። ዛሬ ማታ የልጁን አፍ አስከፍታችሁ በስልካችሁ መብራት እዩ። ከፊት ከመሃል ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ስትቆጥሩ ስድስተኛው እሱ ነው። ላዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ካያችሁ ቀጠሮ አታስተላልፉ።

ቀጠሮ ስል የት? አዲስ አበባና ትልልቅ የክልል ከተሞች ላላችሁ ክሊኒክ አይጠፋም፤ ጥያቄው የገንዘብ ነው። ገጠር ያለው የልጅ ልጃችን ግን ጤና ጣቢያ ሲሄድ በአብዛኛው የሚጠብቀው የሕመም ማስታገሻና የሪፈር ወረቀት ነው። ወረቀቱን ይዞ ከተማ የሚደርሰው ጥርሱ መግል ከያዘና ጉንጩ ካበጠ በኋላ ነው። ያኔ መንቀል ብቻ ይቀራል።

ለገጠሩ የሐኪም እጥረት ለረጅም ዓመታት የተያዘው መንገድ ምደባ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ይመረቃል፣ ዕጣ ያወጣል፣ ዕጣው ወደ ጣለው ክልል ይሄዳል፣ የአገልግሎት ዘመኑን ቆጥሮ ይመለሳል። ልጆቹን አልወቅስም። የሚኖርበት ቤት፣ የሚያማክረው ባልደረባ፣ የሚሠራበት ዕቃ የሌለውን ሰው በዕጣ ማሰር አይቻልም። የጥርስ ሐኪም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ወንበር፣ ውኃ፣ መብራትና መሙያ ከሌለው የተማረውን ሁሉ ትቶ ጉጠት ይዞ ይቀመጣል። በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ማስተማሪያዎች ሥራ ሲጀምሩ የሐኪሙ ቁጥር ጨምሯል። ቁጥር ማብዛትና ሰውን ገጠር ማቆየት ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ገጠር ያደጉ ተማሪዎችን መርጦ ማስተማርን መክሯል፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሐኪም እስኪበዛ አልተጠበቀም፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛ ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ወጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽም የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢው ተመርጠው ሠለጠኑ። ክትባቱን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ወሊዱን ያደረሱልን እነሱ ናቸው። ከ16ቱ የሥራ ፓኬጆቻቸው መካከል ግን ጥርስ በስሙ የተጠራበት አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ ከሐኪሙ መቅረት ይልቅ።

ምክንያቱም የልጅ ጥርስ ለማትረፍ ሁልጊዜ ዶክተር አያስፈልግም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ የተጀመረ ዘዴ አለ፦ የተበላውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በሚጣበቅ መሙያ መድፈን። መብራት አይጠይቅም፣ ብዙ ጊዜም መርፌ አያስፈልገውም። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽም አለ፤ የተበላው ጥርስ ላይ ሲቀባ መበስበሱን ያስቆማል። የተቀባውን ቦታ ያጠቁረዋል፤ ይህን አስቀድሞ ለእናት መንገር ነው። ሁለቱም፣ ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋል። የሠለጠነች የጤና ጣቢያ ነርስ ልትሠራቸው ትችላለች። ጤና ሚኒስቴር ሐኪም ፍለጋውን ይቀጥል፤ ጎን ለጎን ግን ይህን ሥልጠናና ዕቃ ወደ ጤና ጣቢያ ቢያወርድ ገጠር ያለው ልጅ ቶሎ ይደረስለታል።

ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ የሚበሳው፣ ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ተፈልፍሎ የሚወጣው ለዚህም ነው። ይህን አብዛኛውን ጊዜ የምንወስነው እኛ አያቶች ነን፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ያ እብጠት ሊወጣ የተዘጋጀ ጥርስ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው እሱ ሳይሆን ሕፃኑ አፉ ውስጥ የሚከተው ቆሻሻ ነገር ነው። በዚያ መሣሪያ ቴታነስ፣ የደም መመረዝ፣ ኤች.አይ.ቪም ሊገባ ይችላል፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ይወጣል። ለተቅማጥ መድኃኒቱ ኦ.አር.ኤስ.፣ ዚንክና የእናት ጡት ነው፤ ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል መቦረሽ ይጀመር፤ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይበቃል። ስኳር የገባበት ጡጦ ይዞ መተኛት ይቅር። ወንጂንና አዳማን በመሳሰሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያላችሁ ደግሞ ልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ከጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ መብዛት የሚመጣ ነው፤ በመቦረሽ አይለቅምና ልጁን እየፈተጋችሁ አታድሙት። ቋሚ ጥርሶቹ ገና በሚሠሩበት ጊዜ፣ እስከ 8 ዓመት ድረስ፣ ለመጠጡና ለምግቡ የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ፈልጉለት። እስከ 7 ዓመት የሚቦርሸው ትልቅ ሰው ይሁን። ሲጨርስ ይትፋ እንጂ በውኃ ደጋግሞ አይጉመጥመጥ፤ ሳሙናው ትንሽ ጥርሱ ላይ ይቆይ።