ችግኝ እየቆጠርን ተራራ እንዳናጣ

ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ በጀርመን በኩል አዙሬ ጉና አደርሳችኋለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ሩር የሚባለው የጀርመን አካባቢ ከመቶ ዓመት በላይ በድንጋይ ከሰል ኖሯል። ማዕድኑ ከሥር ሲወጣ መሬቱ ይሰምጥ ስለነበር የፍሳሽ ቱቦ ቢቀበር ይሰበራል። ስለዚህ ኤምሸር የተባለውን ወንዝ ክፍት የፍሳሽ ቦይ አደረጉት። ማዕድን ማውጫዎቹ እየተዘጉ ሲመጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ወንዙን ለማዳን ተነሱ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ቱቦ ቀበሩ፤ ዳርቻውን ለሣር፣ ለዛፍና ለእግረኛ መለሱ። ወንዙ ከፍሳሽ ነፃ የወጣው በ2021 መጨረሻ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ! የከሰል ከተማ የነበረችው ኤሰን በ2017 የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና ተብላለች።

"ቲቸር፣ እኛን ምን አገናኘን? ዩሮውስ የት አለ?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን እነሱ መሬታቸውን ከሥር ቦረቦሩት፣ እኛ ከላይ ገፈፍነው። የኛ ከሰል ከዛፍ የሚወጣው ነው።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከሱ ተነስተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ባሉበት የክረምቱ ዝናብ መሬት ውስጥ ይሰርግና በበጋ በምንጭ ይወጣል። እርሻው ሽቅብ ሲወጣ፣ ከብቱ ሲግጠው ግን ውሃው አፈሩን ይዞ ይወርዳል። አፈሩ ፎገራ ሩዝ ላይና ጣና ውስጥ ይተኛል፤ ምንጩ ይደርቃል። እንግዲህ ጉና ጌጥ አይደለም። እንደ መንገድ፣ እንደ መብራት መሠረተ ልማት ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። መንገድ ስንሠራ ተቋራጭ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው፣ የጥገና በጀት አለው። ችግኝስ? ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ስንት እንደተተከለ በዜና እንሰማለን። ስንቱ እንደጸደቀ ግን በዚያው ድምፅ አይነገረንም። ፎቶ ከተነሳን በኋላ ችግኙ ባለቤት የለውም።

እንደኔ ሦስት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ ለተከላ የሚመደበው በጀት የሦስት ዓመት የእንክብካቤ ወጪንም ይያዝ። ሁለተኛ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ጎርፉ የት እንደሚሄድ አብሮ ይታሰብ፤ ቦረቦሩ በክትርና በሣር ይያዝ፣ ኮሶና ወይራ ይተከልበት። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ ጉና ላይ ያለውን ገበሬ "ከብትህን አታውጣ" ብቻ ብሎ መተው ግፍ ነው። ሣሩን እያጨደ ይውሰድ፣ ውሃው የሚጠቅመን ከታች ያለነውም ድርሻችንን እንክፈለው።

"በዚህ ሰላም በጠፋበት ጊዜ ስለ ዛፍ ታወራለህ?" የሚል አይጠፋም። ይገባኛል። ነገር ግን ጎርፍ ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ክትር ለመሥራትም ድንጋዩና ጉልበቱ እዚሁ አለ።

ደብረ ታቦርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አምና በሰፈራችሁ የተተከለውን ሂዱና ቁጠሩ፤ ስንቱ ቆሟል? ቁጥሩን ከታች ጻፉልኝ። ደኅና ሁኑልኝ።